ብረት ያጠጣሁበት ቅዳሜ

መኪናዬን ሌላ ሰው ሲያጥብልኝ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ጸባዬን እንድታውቁት ነው። ላሊበላ ውስጥ ባልዲና ጨርቅ ይዘው መንገድ ዳር የሚጠብቁ ጎበዞች አሉ። አንድ ጊዜ ለአንዱ ሰጠሁትና አሸዋ በያዘ ጨርቅ በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቧጭሮ "ጌታዬ፣ እንደ መስታወት አደረግኋት" ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ እቤቴ፣ በገዛ እጄ ነው የማጥባት።

ነጭ ሚኒባስ ናት። እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ደግሞ ወደየገዳማቱ አመላልስባታለሁ። በክፉው የጦርነት ጊዜ አራቱንም ጎማ ፈትቼ፣ ሙጃ ያሉት አማቶቼ ዘንድ ልኬ ገለባ ክምር ውስጥ አስቀብሬ፣ እሷን ድንጋይ ላይ አቁሜ፣ ባትሪዋን አልጋዬ ሥር ደብቄ ነው ያተረፍኋት። አገር ሲረጋ ጎማዎቿ በአህያ ተጭነው መጡ። ባለቤቴ ብርቱካን "ከእኔና ከእሷ ማን ይበልጥብሃል?" ስትለኝ መልሱን እያሰብሁ ስለምቆይ፣ አሁን አሁን ጥያቄውን ትታዋለች።

አስተጣጠቤም ሥርዓት አለው። ሦስት ጀሪካን ውሃ እጠቀማለሁ። አንደኛዋ ጭቃ ማርጠቢያ ናት፣ ሁለተኛዋ ለሳሙና፣ ሦስተኛዋ ማለቅለቂያ። ከጣሪያ ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ የፊቷን ፍርግርግ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እፈትጋለሁ፣ ጎማ መጨረሻ ነው። የእኛ ሰፈር ውሃ ኖራ ቢጤ አለበት፤ ቶሎ በሹራብ ካላደረቁት መስታወቱ ላይ ነጭ ዥንጉርጉር ይተዋል። ይችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ይህን ሁሉ የማደርገው እንግዲህ ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ነው። የግቢያችን ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ሲያሰኘው። ግቢውን የምንጋራው ከአያ ተገኘና ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘውዴ ጋር ነው። እነሱ ከላይ፣ እኛ ከታች፣ ቧንቧው መሀል። አያ ተገኘ ድሮ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ ምላሳቸውም እንደ መሯቸው ስለታም ነው።

አምና ቧንቧው ጭራሽ በደረቀ ሰሞን መኪናዬን ሳጥብ ከበራቸው ላይ ቆመው አዩኝ።

"መላኩ!" አሉኝ።

"አቤት አያ።"

"ሰው ጉሮሮው ደርቆ አንተ ብረት ታጠጣለህ?"

እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን እንግዳ ከጠፋ ወራት አልፎ፣ ሆዴ አሮ ነበርና ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ወርውሬ "ይቺ ብረት ናት ልጆቼን የምታበላ! እርስዎ አያበሉልኝ!" አልሁ። አባቴ ለሚሆኑ ሰው፣ ጎረቤት እየሰማ። አያ ተገኘ ትንሽ አዩኝና ገብተው በራቸውን ዘጉ። ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። ለእንቁጣጣሽ ብርቱካን ድፎ ይዛላቸው ስትሄድ እኔ መኪናዬ ሥር ተጋድሜ የጠበቀ ብሎን አጠብቅ ነበር። ሽማግሌ መላክ፣ ይቅርታ ማለት... እንጃ፣ ዕለት ዕለት "ነገ" እያልሁ ዓመት ሞላ። ቁጡ ሰው ነኝ፤ ከቁጣዬ ይልቅ ግን ኩራቴ ነው የጎዳኝ።

ዘንድሮ፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ አያ ተገኘ አልጋ ያዙ። ስኳር አለባቸው። የግራ እግራቸውን ጣት ድንጋይ መትቷቸው የቆየ ቁስል ነበር፤ እሱ ጠቆረ። እዚሁ ያያቸው ሐኪም ለእትዬ ዘውዴ "እናቴ፣ በቶሎ ደሴ ይውሰዷቸው፤ ከዘገየ እግራቸው አይተርፍም፣ እሳቸውም ላይተርፉ ይችላሉ" ብሎ ነገራቸው። አያ ተገኘ ግን አሻፈረኝ አሉ።

"መጀመሪያ የአሸተን ማርያምን ጠበል ሰባት ቀን ልጠጣ፣ እግሬንም ልታጠብበት። ተስያለሁ። ሰባቱን ሳልፈጽም ከዚህ ግቢ አልወጣም፤ ስፈጽም ወደምትፈልጊው ውሰጅኝ።"

ስእለት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንዲት ቀን ከተጓደለች እንደገና ከአንድ ነው የሚጀመረው። እትዬ ዘውዴ ስድሳን አልፈዋል፤ በባዶ ሆድ ተራራውን ወጥተው፣ ጠበሉን በጀርባቸው አዝለው ሁለት ጊዜ አመጡ። ሁለተኛዋ ጀሪካን እስከ ሰባተኛው ቀን እንድታደርሳቸው ነበር፤ ምክንያቱም ጉልበታቸው አብጦ ሦስተኛ መውጣት እንደማይችሉ አወቁት። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከብርቱካን ነው። እኔማ "እግዜር ይማርዎ" ብዬ በራቸውን አላንኳኳሁም፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ።

ስድስተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ።

ያን ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። "መላኩ፣ ነገ ረፋድ አራት እንግዶች ይገባሉ። ሳምንቱን ሙሉ ካንተ ጋር ናቸው። መኪናህ ትጽዳ!" ከክረምት ወዲህ የመጀመሪያዬ ሥራ ነበር። ደስታዬ ወሰን አጣ። ብርቱካን ገበያ ወጥታለች፤ ፍርፍሬን በላሁና ሱሪዬን ሰብስቤ ሥራዬን ጀመርሁ። የመጀመሪያዋን ጀሪካን ጨረስሁ። ሁለተኛዋን በሳሙና መታሁ። መኪናዋ ከላይ እስከ ታች አረፋ እንደለበሰች ቀና ብል ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ደመና ተቆልሏል፤ አረፋው ላይዋ ላይ እየደረቀ ነው። ደርቆ ከቀረ ደግሞ ቀለሙን ይበላል። ሦስተኛዋን ጀሪካን ብፈልግ ባዶ ናት!

"ብርቱካን፣ ምን ላርግሽ!" እያልሁ ዞር ዞር ስል፣ በእኛ ዕቃ ቤት ግድግዳ ጥላ ሥር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንዲት ቢጫ ጀሪካን ተቀምጣለች። ክዳን የላትም፣ በቅጠል ተወትፋለች። ግማሽ ናት። ብርቱካን ቀድታ ያስቀመጠችው መሰለኝ። ቅጠሉን ነቅዬ ወረወርሁና፣ ጣሪያውን፣ መስታወቱን፣ በሮቹን አለቀለቅሁ። የተረፈችውን ጎማዎቹ ላይ ጨረስኋት።

ከዚያ ሹራቤን ይዤ መስታወቱን ላደርቅ ብሄድ ደርቋል። ነጭ ነገር የለበትም። አንዲት ነጥብ የለችበትም። ጎንበስ ብዬ ከጎን አየሁት፤ ጥርት ያለ ነው። "ይሄ ደግሞ የምን ውሃ ነው?" አልሁ። ዓይኔ ወደ መሬት ወረደ። የወረወርሁት ቅጠል ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ወድቋል። ወይራ ነው። በነጭ ፈትል ታስሯል።

የእኛ ግቢ ውስጥ ወይራ የለም። ከዚህ ግቢ ውስጥ ጀሪካን በወይራ ወትፎ፣ በፈትል አስሮ፣ መሬት እንዳይነካ ድንጋይ ላይ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እትዬ ዘውዴ።

እናንተዬ፣ ክው ብዬ ቀረሁ! ውሻ የማይረግጠው ቦታ የሚደፋ ጠበል እኔ ጎማ ላይ ደፋሁት። ቀጥሎ የመጣብኝ ግን ከዚህ የባሰ ነበር። ነገ ሰባተኛው ቀን ነው። ጠበል ከሌለ ሰባት የለም፤ ሰባት ከሌለ ደሴ የለም፤ ደሴ ከሌለ... የሰውየው እግር ትዝ አለኝ።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ደብቄ አልጽፍም። ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም። ጓዳ ገብቼ የመጠጥ ውሃችንን አወጣሁና ጀሪካኗን ልክ እስከ ግማሿ ሞላኋት። ወይራውን አጥቤ፣ ፈትሉን አስተካክዬ ወተፍሁት። ድንጋዩ ላይ መለስኋት። "ማን ያውቃል?" አልሁ ለራሴ። "እንዲያውም ይሻላቸዋል። ነገ ይፈጽማሉ፣ ሰኞ ይሄዳሉ። ብናገር ነው የምጎዳቸው።" ክፉ ሐሳብ ሲመጣ ሁልጊዜ ለሰው አዝኖ ነው የሚመጣው። ባልዲዬን ደፍቼ ተቀመጥሁበት።

ወዲያው የላይኛው በር ተከፈተና እትዬ ዘውዴ እያነከሱ ወረዱ።

"ዋልህ መላኩ? ኧረግ፣ ሙሽራ አስመሰልሃትሳ! እንግዳ መጣልህ?"

"አዎ እትዬ፣ ነገ..." አልሁ አንገቴን ደፍቼ።

"እሰይ! ማርያም ትመስገን። ልጆችህ ይብሉበት።" ወደ ጥላው ሄዱ። "እግዜር ይስጥህ፣ በጥላህ አስቀምጬ። የእኛ በኩል ፀሐይ ነው፣ ቤቱም ጠያቂ በዛበት፤ የበላ የጠጣው ሁሉ እየነካ አይሆንም ብዬ ለብርቱካን ነግሬያት ነበር። የዛሬውን በጠዋት ጠጥቷል፤ ነገ እኮ ሰባት ሞላ! ሰኞ በአውቶቡስ እወስደዋለሁ። ትናንት ሌሊት ሲያቃስት አልሰማኸውም? እኔ ነኝ የምሰማው..."

እያወሩ ጎንበስ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጀሪካኗን ሊሳለሙ ግንባራቸውን አስጠጉ። ያቺን እኔ ከጓዳዬ ቀድቼ የሞላኋትን ጀሪካን።

"እትዬ፣ አይሳለሙት!" ብዬ ጮኽሁ።

ደንግጠው ዞሩ። ከባልዲው ላይ ተነስቼ እግራቸው ሥር ወደቅሁና ሁሉንም አፈረጥሁት። የት እንዳፈሰስሁት፣ በምን እንደሞላሁት፣ ቅጠሉን እንዴት እንዳጠብሁት። እትዬ ዘውዴ ከድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አሉ። መኪናዋን አዩ። እኔን አዩ። አማተቡ።

"ጎማዋም ላይ?" አሉ በቀጭን ድምፅ።

"ጎማዋም ላይ።"

"ሞልተኸው ነበር ግን። ዝም ብትል አላውቅም ነበር።"

"ሲሳለሙት አላስቻለኝም።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። "እንዳይሰማ" አሉ ወደ ላይኛው ቤት እያዩ። "እሱ እንዳይሰማ! ጠበሌ ተረገጠ ብሎ ከአንድ ይጀምራል። ያ እግር ሌላ ሰባት ቀን የለውም። እኔ ደግሞ ይኸው ጉልበቴ..." ቀሚሳቸውን ትንሽ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ጉልበታቸው እንደ ሊጥ አብጧል።

"እኔ ልውጣና ላምጣ።"

"ቁርስህን በልተሃል?"

"በልቻለሁ።"

"እንግዲያው አንተ አትቀዳም። በባዶ ሆድ ነው የሚቀዳው። እኔ ስእለቱ እስኪሞላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም አፌ እህል አልነካም፤ ግን በምኔ ልውጣው?"

"በእሷ" አልሁ መኪናዋን እያሳየሁ። "መንገዱ እስካደረሰን በእሷ፣ ከዚያ ወዲያ ደግፌዎት። ሲመለሱ እኔ እሸከማለሁ። የበላ ትከሻ ይፈቀዳል?"

"ትከሻ ምን ይበላል!" አሉ፤ በዕንባቸው መሀል ፈገግ ሊሉ ትንሽ ቀራቸው።

ጀሪካኗን ደፍተን አለቀለቅናት። እትዬ ዘውዴ መኪናዋ በር ላይ ደርሰው ቆሙ። አብረቅራቂውን ወለል አዩና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። አንድ ግቢ ስንኖር ይችን መኪና ረግጠዋት አያውቁም፤ እኔም "ግቡ" ብዬ አላውቅም። አፈርሁ። "እትዬ፣ ኧረ በማርያም! ከነጫማዎ ይግቡ" ብዬ ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

ከከተማ ሳንርቅ ዝናቡ ወረደ። የመስከረም መጨረሻ ዝናብ ለሐምሌ የቀረውን ዕዳ የሚከፍል ይመስላል። የአሸተን መንገድ ቀይ ጭቃ ሆነ። ጎማዋ ይሽከረከራል፣ ጭቃው መስታወቱን ይመታል፣ በአንድ በኩል ገደል ነው። እትዬ ዘውዴ ባዶዋን ጀሪካን ታቅፈው "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ይላሉ። ሌላ ቀን ቢሆን አንዲት ኩሬ ስረግጥ ልቤ ይደማ ነበር። ያን ቀን "ሂጂልኝ እናቴ፣ ሂጂልኝ" እያልሁ ነበር የምነዳው። መንገዱ ያበቃበት አቆምኋት።

ከዚያ ያለው የእግር ነው። ሠላሳ እርምጃ እንሄዳለን፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እንደገና ሠላሳ። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ከዚህ በላይ አልችልም ብለው ቁጭ አሉ። ልዘላቸው ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

"አትቀልድ" አሉ። "ሰው ያየኛል።"

"ያየዎት ሰው እናቱን አዝሎ ነው ይበል።"

ቀስ ብለው ክንዳቸውን አንገቴ ላይ አደረጉ። ቀላል ነበሩ፤ ያን ያህል ይቀላሉ ብዬ አልገመትሁም። ይህች ሴት ናት ጀሪካን አዝላ ሁለት ጊዜ የወረደችው። መንገድ ለመንገድ ጆሮዬ ሥር "እሱም እኮ ናፍቆሃል" አሉኝ። "መኪናህ ስትገባ ድምፅዋን ሰምቶ 'ገባ፣ ዛሬም በደኅና ገባ' ይላል። እንደነገርሁህ ለእሱ እንዳትነግርብኝ።"

ዝናቡ ፊቴ ላይ ስለነበር ሌላው አልታወቀም።

ጠበሉ ዘንድ ስንደርስ ከጀርባዬ ወረዱ። ቀድተው፣ ከተራራው ወይራ ቆርጠው ወተፉትና ለትከሻዬ ሰጡኝ። መኪናዋ ጋ ስንመለስ ወደ አሥር ሰዓት ሆኗል። አዙሬ ቁልቁል መውረድ ስጀምር ኋላዋ ሸርተት አለና ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ብለው፣ ብለው፣ አልወጣ አለ። እትዬ ዘውዴ ጀሪካኗን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንዳትነካካ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ብድግ አድርገዋታል። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ደረሱልን። አህዮቻቸውን አቁመው፣ ጋቢያቸውን አስቀምጠው "ሆ! ሆ!" እያሉ ገፉ። ስትወጣ ጭቃውን ሁላችንንም አለበሰችን። አንዱ ገበሬ ፊቱን እየጠረገ "ወንድሜ፣ ይችን መኪና ግን አጥበሃት አታውቅም እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁ። ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ገና መሳቄ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢያችን ገባን። ብርቱካን ከገበያ ተመልሳ በር ላይ ቆማ ነበር። መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ከጎኔ ከነጭቃቸው የሚወርዱትን እትዬ ዘውዴን አየች። "ጠበሉን አደራ ብለውኝ ነበር... መላኩ፣ ረሳሁት!" ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። "ዝም በይ፣ ይሰማሉ" አልኋት።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ ተነሳሁ። እንግዶቼ ረፋድ ላይ ነው የሚገቡት፤ እስከዚያ አጥባታለሁ ብዬ ባልዲዬን ስፈልግ እትዬ ዘውዴ ከላይ ጠሩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ይጠራሃል።"

ዓመት ሙሉ ያልረገጥሁትን ደጃፍ ረግጬ ገባሁ። አያ ተገኘ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ጠበሉ በጣሳ ፊታቸው ነው። የተጠቀለለው እግራቸው ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው፣ ሽታውም ከበር ይቀበላል።

"መላኩ።"

"አቤት አያ።"

"ትናንት ጠዋት አጥበሃት ነበር። በበሩ ስንጥቅ አይቼሃለሁ። ማታ ጭቃ ጎርሳ ገባች። ሚስቴም ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር፤ ብጠይቃት ገበያ ነው የዋልሁ ትላለች። ባዶ እጇን ከገበያ የምትመለስ ሴት አላውቅም። ይችን ሳልቀምስ እውነቱን ንገረኝ።"

እትዬ ዘውዴ ከጀርባቸው ሆነው በዓይናቸው ይለምኑኛል። አንድ ቃል ብሳሳት ሰውየው ከአንድ ይጀምራሉ። ብዋሻቸው ደግሞ ስእለታቸውን በውሸት ላይ ይፈጽማሉ።

"አያ፣ ጠበልዎን በስህተት መኪናዬን አጥቤበት ነው። በጣሳው ያለው ግን ከዚያው ከምንጩ ነው፤ ትናንት ወጥተን እትዬ በባዶ ሆዳቸው የቀዱት ነው። ይች እውነት ናት።"

"ሁሉንም?" አሉ።

"ጠብታ አልቀረም።"

"ጎማዋንም?"

"ጎማዋንም፣ አያ።"

ራሳቸውን ደፉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብዬ ልንበረከክ ስል ቀና አሉ፤ ለካ ሳቅ ነው! ከሳቃቸው ብዛት ጣሳውን እትዬ ዘውዴ ቀሟቸው።

"ብረት ታጠጣለህ ብዬ ዓመት ሙሉ ተኳረፍን" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "አንተ ደግሞ ይባስ ብለህ ጠበል አጠጣሃት!"

ሳቁ ሲበርድላቸው እግራቸውን አመማቸውና ጥርሳቸውን ነከሱ። ቆይተው በሌላ ድምፅ ተናገሩ።

"ዘውዴ፣ ሳልዋሽ ልንገርሽ። ደሴ እሄዳለሁ ያልሁሽ አንቺን ዝም ለማሰኘት ነበር። ነገም ሌላ ሰበብ አላጣም ነበር። መንገድ ላይ እንዳልቀር፣ ሰው በማያውቀኝ አገር እንዳልቀበር ፈርቼ ነው። የማርያም ጠበል ግን ሜዳ ላይ አይፈስም። የተጠመቀች መኪና ደጄ ላይ ቆማ እኔ ምን እጠብቃለሁ?" ወደ እኔ ዞሩ። "በእሷ ከሆነ እሄዳለሁ። አሁን፣ ይችን ጠጥቼ። ትወስደኛለህ?"

አራቱ እንግዶች ትዝ አሉኝ፤ ከክረምት ወዲህ የጠበቅሁት ሳምንት። አያ ተገኘ ስለ እንግዶቹ አያውቁም። እትዬ ዘውዴ ያውቃሉ፤ መሬት መሬት ያያሉ።

"እወስድዎታለሁ" አልሁ። "ቶሎ ላለቅልቃትና..."

"እንዳትነካት! ከነጭቃዋ።"

"አያ፣ ያምናው ነገር፣ የተናገርሁዎት..."

"መንገዱ ረጅም ነው" አሉ ጣሳውን እያነሱ። "እስከ ጋሸና አንተ ይቅርታ ትለኛለህ። ከጋሸና ወዲያ እኔ እልሃለሁ።"

እንደዚያው ሆነ። እንግዶቼን ለጓደኛዬ ለሞላ ሰጠሁት። የደወለልኝ ሰው በስልክ የተናገረኝን እዚህ አልደግመውም፤ ሁለተኛ ሥራ አልሰጥህም ብሏል፣ እስካሁንም ቃሉን ጠብቋል። የኋላውን ወንበር በፍራሽ አንጥፈን አያ ተገኘን አስተኛናቸው። የወልድያን ቁልቁለት ስንወርድ ትኩሳቱ ጨመረባቸው፤ እትዬ ዘውዴ ጨርቅ እያራሱ ግንባራቸው ላይ ሲያደርጉ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። መንዳት ብቻ ነው የቻልሁት። ደሴ ስንደርስ መሽቶብን ነበር። በማግስቱ ሐኪሙ ወጣና ሁለት ጣት መቁረጡን፣ እግሩ ግን እንደተረፈ ነገረን። "ጥቂት ቀን ብትዘገዩ ከጉልበት በላይ ነበር የምንቆርጠው፣ እሱም ከተረፉ" አለ። እትዬ ዘውዴ ኮሪደሩ ላይ እልል አሉ፤ ዘበኛው መጥቶ ዝም በሉ አላቸው። አልሰሙትም።

ይህን ያነበባችሁ አንዳንዶቻችሁ ጠበሉ ነው ያዳናቸው ትሉ ይሆናል፤ ሌሎቻችሁ ሐኪሙ ነው ትላላችሁ። አልከራከራችሁም፤ አያ ተገኘም "ሁለቱም ናቸው፣ ምን አጨቃጨቃችሁ" ነው የሚሉ። እኔን ግን ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ ያቺ ወይራ ናት። ዝም ብል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። እሑድ የጓዳዬን ውሃ ጠጥተው ይፈጽማሉ፣ ሰኞ ሌላ ሰበብ ያገኛሉ፣ ያ እግር ይሄዳል፤ እኔም በጠራ መስታወት እንግዳ ሳመላልስ እኖራለሁ። ንጹሕ መኪና ነድቼ ስንት ዓመት ኖርሁ፤ ጎረቤቴን ግን አላየሁትም። እናንተም "ነገ እታረቀዋለሁ" ያላችሁት ሰው ካለ፣ በጀሪካን ስህተት እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ። ሁሉም ስህተት የእኔን ያህል ደግ አይደለም።

አሁንም መኪናዬን እኔው ነኝ የማጥባት፤ ይሄ አልተለወጠም። ቧንቧው ሲመጣ መጀመሪያ የላይኛው ቤት ጋን ይሞላል፣ ከዚያ የእኛ፣ ከተረፈ ለእሷ። ካልተረፈ ከነአቧራዋ ትነዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አያ ተገኘ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና "እዚያ ጋ ቀረህ፣ ከመብራቷ ሥር" እያሉ ያስተጣጥቡኛል። እኔም ማለቅለቂያዋን ጀሪካን ሳልከፍት ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ።

"አያ! ይች ውሃ የማን ናት?"

"የእኔ ናት!" ይላሉ ከዘራቸውን አንስተው። "አጠጣት!"